በር የያዘ ዘፈን

በ2079 ዓ.ም. ጥር ወር መጀመሪያ ላይ ደሴ ከተማ ውስጥ አንድን ዘፈን ከሌላ ሰው ጋር አብሮ የሰማ ሰው ቢፈለግ፣ ሦስት ሴቶች ይገኙ ነበር። ሦስቱም ሆጤ ሰፈር አንዲት ጠባብ ቤት ተከራይተው ዘፈን ይሠራሉ። የቀረው ሕዝብ ሽንብራ ነበረው። መንግሥት ያወጣላት ስም ረጅም ነው፤ ሕዝቡ ግን መልኳንና መጠኗን አይቶ ሽንብራ አላት። ጆሮ ውስጥ ትገባለች፤ የባለቤቷን ስም፣ የልቡን ምትና የሆዱን ሁኔታ ታውቃለች፤ በቀን አርባ ያህል አዳዲስ ዘፈን ለእሱ ብቻ ታወጣለች። ዘፈኑ ሁሉ ስለ እሱ ነው፤ የሚያወራውም ሁሉ እውነት ነው፣ ወይም ሰውየው እውነት ቢሆን ደስ የሚለው ነው።

ሄራን ሙላት ሽንብራዋን የምታስገባው ጠዋት ለሩብ ሰዓት ብቻ ነበር፤ የመንግሥት ማስታወቂያ በሌላ መንገድ አይመጣም። አንድ ጠዋት ጥርሷን እየፋቀች ሳለ ሽንብራዋ በአምባሰል ቅኝት ጀመረች።

«ሄራን የሙላት ልጅ፣ ጥርስሽ የሚያምረው፣
የጉልቻ ፈቃድ ሠላሳ ቀን ቀረው።»

ሄራን እጇ አፏ ላይ ቀረ። ማስጠንቀቂያው ሦስት አዝማች ነበረው፤ በየአዝማቹ መካከል ደግሞ መልኳን ያነሣል። ወገቧ ላይ ሲደርስ ሽንብራዋን አውጥታ ሳሙና ማስቀመጫው ውስጥ ወረወረቻት። እዚያም ሆና ታመሰግናት ነበር።

ጉልቻ የሦስቱ ሴቶች ሙዚቃ አሳታሚ ነው። ግጥሙን ራሳቸው ይጽፋሉ፣ ዜማውን ራሳቸው ያወጣሉ፣ ራሳቸው ቀድተው ራሳቸው ያሳትማሉ፤ ወንድንም ሆነ ማሽንን አያስፈቅዱም። ሄራን ድምፅ ትቀዳለች፣ ታቀናብራለች። አርሴማ ከበሮ ትመታለች፣ ክራር ትገርፋለች፣ ትርፍ ጊዜ ካገኘች ከጎረቤት ትጣላለች። ድምፁ የእትዬ ሶልያና ነው። እትዬ ሶልያና ስድሳ ሰባት ዓመቷ ነው፤ የዛሬ ልጆች ሶልያና የሚለውን ስም ሲሰሙ ገና ሳያዩ ከዘራ የያዘች አሮጊት ትታያቸዋለች።

ደንቡ አጭር ነበር። አንድ አሳታሚ በዓመት ቢያንስ አንድ ዘፈኑን ሃምሳ ሰዎች በአንድ ቦታ ተሰብስበው፣ ሽንብራቸውን አውጥተው፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ካልሰሙለት ፈቃዱ ይሰረዛል። የቀዳው ድምፅ ሁሉ ወደ ማቅለጫው ይገባል። እዚያ ድምፅ ይፈጫል፣ ይነፋል፣ ከሌላው ድምፅ ጋር ይቦካል፣ ከዚያ በሽንብራ በኩል ለሕዝብ ይታደላል። ደንቡ ይህን «ድምፅን ከብክነት ማዳን» ይለዋል።

እትዬ ሶልያና ማቅለጫውን ከማንም በላይ ታውቀዋለች። በወጣትነቷ ያሳተማት ሰውዬ «ትንሽ ላስተካክለው» እያለ ድምፅዋን ሲልገው ኖሮ፣ በመጨረሻ እናቷ እንኳ ዘፈኗን ሰምታ «ይቺ ደግሞ የማን ልጅ ናት?» ብላለች። ሰውዬው ሲከስር ድምፅዋን እንዳለ ለማቅለጫው አስረከበ። ከዓመታት በኋላ አንድ ጎረቤቷ በአጥር ላይ ብቅ ብሎ፣ «እትዬ፣ የእግሬን ጥፍር ስቆርጥ የምትዘፍንልኝ ሴት ቁርጥ እርስዎን!» አላት፣ ደስ እንዲላት ብሎ። እትዬ ሶልያና ሦስት ቀን ከማንም ጋር አልተነጋገረችም። በአራተኛው ቀን ሄራን ቤት መጥታ፣ «ከእንግዲህ ድምፄን ለሰው ጥፍር አልሰጥም። የራሳችንን እንክፈት» አለች። ጉልቻ የተከፈተው እንዲህ ነው።

ማስጠንቀቂያው በመጣ በሳምንቱ የሰፈሩን እድር ስብሰባ ሞከሩ። ሠላሳ አንድ ሰው ነበር። ዘፈኑ ሁለተኛው አዝማች ላይ ሲደርስ የራሳቸው ስም እስካሁን አለመነሣቱ የከነከናቸው ሰዎች አንድ በአንድ ሽንብራቸውን መልሰው ወሸቁ። አንድ ሽማግሌማ እጃቸውን አውጥተው «እኔን የሚመለከተው መቼ ነው?» ብለው ጠየቁ። ሰሚ ለመቁጠር ከመንግሥት የተላከው የጆሮ ተቆጣጣሪ አቶ ናታን ቆጣሪውን አይቶ አሥራ ሁለት ተኩል ብሎ መዘገበ። ተኩሉ አንድ ጆሮውን ብቻ የሰጠ ሰው ነው።

«ተኩል ነው ያልከኝ?» አለች አርሴማ።

«ደንቡ ነው፣ እመቤት» አለ አቶ ናታን። ክፉ ሰው አይደለም፤ ደንብ ብቻ ነው የሚወደው።

ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ነውና ሄራን ወደ ዘመድ ዞረች። የእህቷ ልጅ ናሆሚ ጥር ሃያ አንድ ቀን የኮምቦልቻ ልጅ ልታገባ ነበር። ሦስት መቶ ሰው ተጠርቷል። የዘመኑ ሰርግ ደግሞ የታወቀ ነው፤ ሁሉም በየሽንብራው ይጨፍራል። የአንዱ ትከሻ ሲወርድ የሌላው ይወጣል፤ አንዱ ሲያጨበጭብ ሌላው ገና እጁን ይዘረጋል። በቅርቡ ከሚስቱ የተለየ ሰው ካለ ሽንብራው ትዝታ ታወጣለታለች፤ እሱ ጥግ ይዞ ሲያለቅስ አጠገቡ ያለው እየዘለለ ውስኪ ይደፋበታል። ማንም ማንንም አይታዘብም።

«አክስቴ፣ ሰው ምን ይለኛል?» አለች ናሆሚ። «ሽንብራህን አውጣ የተባለ እንግዳ እኮ ኪሱ እንደተፈተሸ ነው የሚቆጥረው።»

«ለአንድ ዘፈን ብቻ ነው። ሙሽራው በር ላይ ሲደርስ።»

«በር ላይ ምን አለ?»

ሄራን አስረዳቻት። በድሮ ጊዜ የሙሽራዋ ወገን ሴቶች በሩን ይይዛሉ። አናስገባም ብለው ይዘፍናሉ፤ ሚዜውን ይዘልፋሉ፣ የሙሽራውን ዘመድ አዝማድ ያብጠለጥላሉ። ወንዶቹ ይለምናሉ፣ ይገፋሉ። በመጨረሻ በሩ ይከፈትና ሁሉም አብሮ ይበላል።

ናሆሚ አሰበች። አማቷ ወይዘሮ ኤልሻዳይ በሁለት ወር ውስጥ የአዳራሹን መጋረጃ፣ የኬኩን ፎቅና የናሆሚን ፀጉር መርጣ ጨርሳለች፤ አሁን ደግሞ የወደፊት የልጅ ልጆቿን ስም መምረጥ ጀምራለች።

«እናቱንም መዝለፍ ይቻላል?» አለች ናሆሚ።

«ግዴታ ነው» አለች ሄራን።

ናሆሚ ቅቤ ጠጣች። ነገሩ በዚያው አለቀ።

ሄራን አንድ ነገር ብቻ አላሰበችም። ለሙሽራዋ ወገን ነገረች፣ አስጠናች፣ አስለመደች፤ ለሙሽራው ወገን ግን ማንም ምንም አልነገረም። ድሮ ማን ለማን ይነግር ነበር? ሁሉም ያውቃል። አሁን ማንም አያውቅም፤ ይህ ደግሞ ዕድሜዋን በሙሉ ከድሮ ዘፈን ጋር ለኖረች ሴት በቀላሉ የሚታሰብ አልነበረም።

የሰርጉ ቀን ደሴ እንደ ልማዷ ጉሟን ለብሳ ዋለች። አቶ ናታን መስተዋት የመሰለችውን ቆጣሪ ከአዳራሹ በር በላይ ሰቀለ። ከኮምቦልቻ የመጡት ዘጠና ስድስት ሰዎች ከመኪና ሲወርዱ አርሴማ ትሪ ይዛ ተቀበለቻቸውና «ሽንብራ እዚህ ላይ!» አለች። ፍተሻ መሰላቸው፤ ሁሉም እያወጣ አስቀመጠ። በሩን የያዙት ሴቶች ከነእትዬ ሶልያና ሃያ ሁለት ነበሩ። የደሴ እንግዶች አዳራሹ ውስጥ ሽንብራቸውን እንደወሸቁ ተቀምጠዋል፤ እነሱን አውጡ ለማለት አርሴማ እንኳ አልደፈረችም። ቆጣሪው መቶ አሥራ ስምንት አለ። ሄራን መቅጃዋን ከፍታ፣ የሽቦውን ጥቅል አንገቷ ላይ አጥልቃ፣ በሩ ጥግ ቆመች።

አርሴማ ከበሮውን መታች። እትዬ ሶልያና ጀመረች።

«ሚዜው መጣ አሉኝ ደረቱን ነፋፍቶ፣
ሱሪውን ተበድሮ ጫማ ተከራይቶ።»

ሃያ አንዱ ሴቶች ተቀበሉ። ሚዜው ፊቱ አመድ መሰለ። ዘፈን ውሸት ሲናገር በሕይወቱ ሰምቶ አያውቅም፤ ሱሪው ደግሞ በእርግጥ የወንድሙ ነበር። «ማን ነገራት?» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። ኮምቦልቻ በሙሉ ጫማውን አየ።

እትዬ ሶልያና ገና መሞቋ ነው። ወይዘሮ ኤልሻዳይን ከእግር እስከ ራሷ አየቻትና ቀጠለች።

«የሙሽራው እናት ከቤት ሳትነሣ፣
ኩራቷ ቀድሟት ደረሰ ከጦሳ።»

ጦሳ ደሴ ራስጌ ያለው ተራራ ነው። ወይዘሮ ኤልሻዳይ ሽንብራ ከያዘች ወዲህ የሰማችው ዘፈን ሁሉ ቸርነቷን፣ ቁመናዋንና የልጆቿን ፍቅር የሚናገር ነበር። ክፉ ቃል በዜማ ሰምታ አታውቅም። ጆሮዋን በጣቷ ነካች፤ ሽንብራዋ የለችም። ስለዚህ የሰማችው እውነት ነው ማለት ነው፤ ሌላውም ሁሉ ሰምቶታል ማለት ነው።

«መኪና አዙሩ!» አለች።

«እማዬ!» አለ ሙሽራው።

«ምን እማዬ ትለኛለህ? አልሰማህም? አልፈለጉንም! በዘፈን ነገሩን እኮ፣ ከዚህ በላይ በምን ይንገሩን?»

ኮምቦልቻ ዞረ። ሽማግሌዎቹ ካፖርታቸውን ቆለፉ። ቆጣሪው መቶ ዘጠኝ አለ፤ ሰው በራቀ ቁጥር ዘጠና፣ ሰባ አራት፣ ስድሳ አንድ። ናሆሚ በመስኮት እያየች መጮህ ጀመረች። ሄራን ነገሩ ገባት። የእህቷን ልጅ ሰርግና የእትዬ ሶልያናን ድምፅ በአንድ ቀን፣ በአንድ በር ላይ ልትቀብር ነው።

እትዬ ሶልያና ግን አላቆመችም። ካቆመች ዘፈኑ አለቀ ማለት ነው፤ አዝማቹን ትደጋግማለች። ሄራን ሽቦውን አንገቷ ላይ እንደጠመጠመች፣ ማይክራፎኑን በእጇ ይዛ ሮጠች። ወይዘሮ ኤልሻዳይን የመኪናውን በር ስትከፍት ደረሰችባት።

«እትዬ ኤልሻዳይ! በሞቴ! ስድብ አይደለም፣ ወግ ነው!»

«የምን ወግ? ኩራተኛ ተባልኩ እኮ!»

«ይመልሱላታ!»

«ምን ብዬ?»

«የመጣልዎትን! ድሮም እንዲህ ነበር፤ እነሱ ይሰድባሉ፣ እናንተ ትመልሳላችሁ።»

«እኔ ዘፋኝ አይደለሁም።»

«ድሮስ ማን ዘፋኝ ነበር? ሁሏም የሰው እናት ነበረች!»

ወይዘሮ ኤልሻዳይ የመኪናውን በር እንደያዘች ቆመች። ከበሩ በላይ ቆጣሪው ሃምሳ ሦስት ይላል። ጉሙ አንገቷ ውስጥ ገብቷል፤ ለኮምቦልቻ ሙቀት የተሰፋው ስስ ቀሚሷ ከገላዋ ተጣብቋል። ከብርዱ ይሁን ከንዴቱ አይታወቅም፣ ዞር አለችና ወደ በሩ ጮኸች።

«ብርድና ጉም እንጂ ምን አላት ደሴ፣
ሙሽራ ልወስድ ብዬ ልትወጣ ነው ነፍሴ!»

ዜማው ትንሽ ወለም ያለ ነበር። ቤቱን ግን መትቷል። እህቷ መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥላ ተቀበለቻት። ከዚያ ሁለት ሴቶች፣ ከዚያ አምስት፣ ከዚያ ካፖርታቸውን የቆለፉት ሽማግሌዎች። ኮምቦልቻ ዳግመኛ ዞሮ ወደ በሩ መጣ፤ አሁን ግን የሚመጣው ለጦርነት ነው። ስድሳ፣ ዘጠና፣ መቶ አሥራ ስምንት።

ነገር ነገርን ያነሣዋል። አዳራሹ ውስጥ የተቀመጡት የደሴ ሰዎች በመስኮት ሲያዩ የውጪው ሕዝብ አፉን አንድ ላይ ይከፍታል፣ አንድ ላይ ይስቃል። «ምን አለች? ምን አለች?» ተባባሉ። «ደሴን ተናገረቻት አሉ!» የተባለ ጊዜ ሽንብራ ከየጆሮው ተመንጭቆ ወጣ፤ አንዱ የራሱን ሲወረውር የቅቤ ሳህን ውስጥ ገባችበት። የሚወደስበትን ዘፈን ትቶ የሚሰደብበትን ለመስማት ከሁለት መቶ በላይ ሰው በር ላይ ተረባረበ።

ጭብጨባው መጀመሪያ ላይ በረዶ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ይመስል ነበር፤ ሁሉም በራሱ ምት ነው። አርሴማ ዓይኗን አፍጥጣ፣ ከበሮውን እየደበደበች፣ የተሳሳተውን በክርኗ እየጎሸመች ወደ አንድ አመጣቻቸው። ሩብ ሰዓት ፈጀባት። ከዚያ ሦስት መቶ አርባ ሰው እጁን አንድ ጊዜ አጋጨ፤ ሰዎቹ ራሳቸው ደንግጠው እርስ በርስ ተያዩ። ሄራን ያን ጭብጨባ በመቅጃዋ ሰምታ አለቀሰች። ዕድሜዋን ሙሉ ስትፈልገው የነበረው ይህ ነው፤ እንዲህ ያለ ድምፅ መኖሩን ግን እርግጠኛ አልነበረችም።

በሩ ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ተከፈተ። ዘፈኑ ግን አብሮ ገባ። እየበሉ ተሳደቡ፣ እየጠጡ ተሳደቡ። መኪኖቹ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርዱ በመስኮት እየተሳደቡ ወረዱ፤ ደሴም እስከ ከተማው መውጫ በእግር እየሸኘች መለሰች። በሳምንቱ ቅልቅል ላይ ከቆመበት ቀጠለ። አቶ ናታን ቆጣሪውን ይዞ ሁሉም ቦታ ነበር። አንዲት የኮምቦልቻ አክስት «መስተዋት አንግቶ ሰው የሚቆጥረው» ብላ ስትነካው ፊቱ በርበሬ መሰለ፤ ወዲያው ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ መልስ ሲጽፍ ታይቷል።

ከቅልቅሉ ማግስት ሄራን ማረጋገጫዋን ልትቀበል መሥሪያ ቤቱ ሄደች። አቶ ናታን ቅጹን ዘርግቶ አገጩን ይዞ ተቀምጧል።

«ሦስት መቶ አርባ አንድ ነው አይደል?» አለች። «ከሃምሳ ይበልጣል፣ በሒሳብ እስካወቅሁት ድረስ።»

«ቁጥሩ ችግር የለበትም» አለ። «ችግሩ ይኸ ነው። ‹ዘፈኑ ያለቀበት ሰዓት› ይላል። ምን ልሙላ?»

«አለቀ አይደል እንዴ?»

«ዛሬ ጠዋት ሸዋ በር ታክሲ ውስጥ ሁለት ሴቶች ሲዘፍኑት ሰምቻለሁ፤ አዲስ ግጥም ጨምረውበታል። ሐይቅ ከተማም ደርሷል ይባላል። ያላለቀን ዘፈን አለቀ ብዬ መፈረም አልችልም፣ ወይዘሮ ሄራን።»

ሄራን ወደ ቅጹ ጎንበስ አለች። «እና ፈቃዳችን?»

«ፋይሉ ካልተዘጋ ፈቃድ አይሰረዝም። ፈቃድ ካልተሰረዘ ድምፁን ማንም አይነካም። ማቅለጫው በሩን ዘግቶ ይጠብቃል።»

«ቢያልቅስ?»

«ሲያልቅ እስከ መጨረሻው የሰሙትን እቆጥራለሁ። አንዲት ሴት ብቻዋን ልብስ እያጠበች ብትጨርሰው…» አቶ ናታን እጆቹን ዘረጋ። «አንድ ነው የምጽፈው።»

ሄራን ደረጃውን ስትወርድ በጭንቅላቷ አንድ ሐሳብ ብቻ ነበር፤ ደሴና ኮምቦልቻ መታረቅ የለባቸውም። ይህን እያሰበች ሳለ አዲስ አሳታሚ የሚመዘገብበት መስኮት ፊት ለፊት አምስት ሴቶች ተሰልፈው አየች። ከፊት የቆመችው ወይዘሮ ኤልሻዳይ ናት፤ በዚህ ጊዜ ወፍራም ጋቢ ደርባለች።

«መጣሽ?» አለች ወይዘሮ ኤልሻዳይ። «ሰው ልንልክብሽ ነበር። አሳታሚ ከፈትን።»

«ማን ከፈተ?»

«እኛ ነና! ስሙን በወንዛችን ቦርከና ብለነዋል። ያቺ አሮጊታችሁ በተደራጀ መንገድ እየሰደበችን እኛ እስከ መቼ በየበሩ እንጮሃለን? ግጥሙ አለን፣ ዜማውንም እህቴ አውጥታዋለች። የሌለን መቅጃ ነው። አንቺ ቅጂልን።»

ሄራን ሳቋ መጣባት፤ ዋጠችው። «በማን ላይ ነው ግጥሙ?»

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ወይዘሮ ኤልሻዳይ ጋቢዋን አስተካከለች።

«ባንቺ ላይ» አለች።

ሆጤ ይዛቸው ሄደች። እትዬ ሶልያና ጥግ ላይ ተቀምጣ ነበር። ጠላቶቿ ሲገቡ ከወንበሯ ተነሥታ ሳመቻቸው፣ ደኅንነታቸውን ጠየቀች፤ ከዚያ ተመልሳ ተቀምጣ እጆቿን ደረቷ ላይ አጣመረች። አርሴማ የራሷን ከበሮ ለቦርከና ሴቶች አቀበለችና እንዴት እንደሚመታ እየተቆጣች አሳየቻቸው። ሄራን መቅጃውን ከፈተች። ወይዘሮ ኤልሻዳይ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«አየኋት ሄራንን ሽቦ ተጠምጥማ፣
ጆሮ ስትለምን በየከተማ።»

ሴቶቹ ተቀበሉ። ቤቱ ሞላ። ጥግ ላይ እትዬ ሶልያና ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች «ጎበዝ ናት» አለች ለራሷ፤ «ቆይ፣ አሳያታለሁ።»

ሄራን መቅጃውን አቆመች። ግጥሙ እውነት ነበር፤ ማንም ስለ እሷ እንዲህ ያለ እውነት ዘፍኖ አያውቅም።

«ቅር አለሽ እንዴ?» አለች ወይዘሮ ኤልሻዳይ፣ ደንገጥ ብላ።

«ኧረ የለም» አለች ሄራን፤ ዓይኗን በእጇ ጀርባ ጠረገችና ማይክራፎኑን ወደ ሴትዮዋ አፍ ጠጋ አደረገችው። «‹ጆሮ› የምትለዋ ላይ ሲደርሱ ድምፅዎ ይወርዳል። እሷን ጎተት አድርገው፣ ጮክ ብለው ይበሉልኝ። እንድገመው።»